የእናታችሁ ጂሜይል ፓስወርድ ማን ጋ ነው ያለው?

ዛሬ የምናወራው ስለ ወላጆቻችንና አያቶቻችን ስልክ ነው፤ ጽሑፉ ግን የተጻፈው ለእናንተ ነው።

በአንድ ጥያቄ እንጀምር። እናታችሁ በሚጠቀሙበት ስማርት ስልክ ላይ ጂሜይል ተከፍቷል አይደል? ፕሌይ ስቶር የሚሠራው በእሱ ነው፤ የልጅ፣ የዘመድ፣ የዕድር ዳኛው ስልክ ቁጥር የተቀመጠውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የዚያ ጂሜይል ፓስወርድ አሁን ማን ጋ ነው ያለው?

«እማዬ ጋ» የምትሉ ካላችሁ እናታችሁ ጎበዝ ናቸው። ይህን ጥያቄ ስንጠይቅ በብዛት የምንሰማው ግን ሁለት መልስ ነው። አንዱ «ስልኩን የገዛንበት ሱቅ ያለው ልጅ ነው የከፈተላት» የሚል ነው። ሌላው «እኔ ነኝ የከፈትኩላት፣ ግን አሁን ረሳሁት» የሚል።

ስልክ ለ«ሃሎ» ብቻ በነበረበት ጊዜ ይሄ ብዙም አያሳስብም ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተቀይሯል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የመብራት ክፍያ በስልክ፣ የካርድ መሙያው በስልክ፣ ዓረብ አገር ያለችው ልጅ የላከችው ብርም ዞሮ ዞሮ በስልክ ሆኗል። 30 ዓመት ሙሉ በባንክ ደብተርና በፊርማ የተገለገሉ ሰዎች ዛሬ ገንዘባቸው ያለው ከ6 አሃዝ ጀርባ ነው።

ያንን 6 አሃዝ የሚመርጠው ደግሞ ማን ነው? ልጅየው። ስልኩን ይቀበላል፣ እየተጣደፈ የሆነ ነገር ይነካካል፣ ከዚያ «በቃ ጨርሻለሁ፣ ፒንሽ የተወለድኩበት ቀን ነው» ብሎ ይመልሳል። ከሦስት ወር በኋላ እናት ሲረሱት «አሁንም ረሳሽው?» ይባላሉ።

ግልጽ እናድርገው፦ ችግሩ የእነሱ መርሳት አይደለም። ማንም ሰው ራሱ ያልመረጠውን፣ በገዛ እጁ ያልጻፈውን፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚጠየቀውን ነገር ይረሳል። እናንተም ትረሳላችሁ፤ እናንተን የሚያድናችሁ ስልካችሁ ማስታወሱ ነው። እነሱ እኮ ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ፣ ቁርኣን በቃላቸው የሚቀሩ፣ የድሮ ጎረቤታቸውን የቤት ስልክ ቁጥር ዛሬም ሳይሳሳቱ የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። ያልተደረገው ነገር ሚስጥሩን የራሳቸው ማድረግ ነው።

ሌባው ሁለት ዓይነት ነው

ወደ ዘዴው ከመግባታችን በፊት ብዙ ሰው የሚያደባልቀውን ነገር እንለይ። ፒን እና ፓስወርድ አንድ አይደሉም። የሚጠብቁትም ከተለያየ ሌባ ነው።

ፒን አጭር ቁጥር ነው። የኤቲኤም ካርድ 4 አሃዝ ነው፣ ቴሌብር 6 ነው። ባለ 4 አሃዝ ቁጥር 10,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ባለ 6 አሃዝ ደግሞ 1 ሚሊዮን። ለኮምፒውተር ይሄ ምንም አይደለም፤ ግን ጥቂት ጊዜ ከተሳሳቱ አገልግሎቱ ስለሚቆለፍ ማንም ተቀምጦ አንድ በአንድ ሲሞክር አይውልም። ስለዚህ ፒን የሚሰርቀው በግምት የሚያገኘው ሰው ነው፤ ማለትም ስልኩን በእጁ ማስገባት የሚችል፣ የልደት ዓመታችሁን የሚያውቅ፣ ስትነኩ ከትከሻችሁ በላይ ያየ ሰው። ቅርብ ያለ ሰው ማለት ነው። ደስ አይልም፣ ግን እውነት ነው።

ፓስወርድ ግን ሌላ ነው። ጂሜይል፣ ፌስቡክ እና መሰሎቹን የሚሞክረው ሌባ እናታችሁን አያውቃቸውም። ያለው የትም አገር ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ በፊት ከተለያዩ ድረ ገጾች የተሰረቁ ፓስወርዶችን ሰብስቦ በፕሮግራም ነው የሚሞክረው። ለእሱ የሚያስቸግረው ርዝመት ነው። ደግሞም ያው ፓስወርድ ሌላ ቦታ አለመደገሙ።

ስለዚህ ፒን ሲመረጥ «ጎረቤት ይገምተው ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። ፓስወርድ ሲመረጥ ደግሞ «ይረዝማል ወይ?» በሉ። አንድ ሕግ ለሁለቱም ስትሉ ነው የሚበላሸው።

መጀመሪያ ፒኑ

ሰው ፒን ሲመርጥ ምን እንደሚመርጥ በደንብ ይታወቃል። ኒክ ቤሪ የሚባል የመረጃ ተንታኝ በፈረንጆቹ 2012፣ ሾልከው ከወጡ ፓስወርዶች ውስጥ 3.4 ሚሊዮን የሚሆኑ ባለ 4 አሃዝ ቁጥሮችን ለይቶ ቆጥሯቸው ነበር። 1234 ብቻውን ወደ 11 በመቶ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። በ19 የሚጀምሩ ቁጥሮችም፣ ማለትም የልደት ዓመቶች፣ በጣም የተለመዱ ነበሩ።

እኛ አገር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አባታችሁ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 80 ከሆነ፣ የልደት ዓመታቸውን ፒን ካደረጉ በግምት ለማግኘት 20 ሙከራ ይበቃል። ለሚያውቃቸው ሰው ደግሞ አንድ ሙከራ። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ያደረግሁት» የሚል መከላከያም አለ፤ ግን ሌባውም ኢትዮጵያዊ ነው።

የስልክ ቁጥር የመጨረሻ 6 አሃዝም አይሆንም፤ ስልኩን ያነሳው ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። የልጅ ልደትም፣ የሠርግ ቀንም፣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ማንኛውም ቀን እንደዚያው። 147258 ዓይነቱ ደግሞ ጣት ሁለት መስመር ወደ ታች ሲወርድ ነው፤ አጠገባችሁ የቆመ ሰው ቁጥሩን ባያይ እንኳን የጣታችሁን አካሄድ ያያል።

ታዲያ ከየት ይምጣ? ከሕይወታቸው። ግን በቡና ሰዓት ተወርቶ ከማያውቅ ጥግ።

ወላጆቻችን በቁጥር የተሞላ ትዝታ አላቸው። የመጀመሪያ ደመወዝ ስንት ነበር? የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲፈተኑ መለያ ቁጥራቸው ስንት ነበር? የመጀመሪያዋ ላም በስንት ተገዛች? የልብስ ስፌት መኪናዋ ስንት ወጣባት? የገቡበት ሐኪም ቤት የአልጋ ቁጥር? የሠራዊት አባል ከነበሩ የመለያ ቁጥራቸው? ይሄን ስትጠይቁ እግረ መንገዳችሁን ሰምታችሁ የማታውቁትን ታሪክ ትሰማላችሁ። ግን አንድ ነገር ጠንቀቅ በሉ፦ መልሱን እንዲነግሯችሁ አትጠይቁ። «አንድ ማንም የማያውቀው ቁጥር አስቢ፣ አትንገሪኝ» በሏቸው።

ከዚያ ሁለት የማይገናኙ ትዝታዎችን ያጋጥሙ። ለምሳሌ የመጀመሪያ ደመወዝ 285 ብር ከሆነና የፈተና ቁጥሩ መጨረሻ 730 ከሆነ፣ ፒኑ 285730 ይሆናል። ለማንም ትርጉም የለውም፤ ለእሳቸው ግን «ደመወዜና ፈተናዬ» ነው። (እኛ የጻፍነውን ቁጥር እንዳትጠቀሙበት። ይሄን ስንል የምትስቁ አላችሁ፣ ግን የሚጠቀም አይጠፋም።)

ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶችም ይሄን ይችላሉ። ብር የሚለይ ሰው ቁጥር ይለያል። ለእነሱ የሚረዳው ጣትን ማለማመድ ነው፤ ተመሳሳዩን ቁጥር ተመሳሳይ ቦታ ላይ ደጋግሞ መንካት። ይሄ እንዲሆን ደግሞ ፒኑ በየጊዜው መቀየር የለበትም።

አሻራ አለ አይደል? አለ፣ ጥሩም ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ዕድሜ ልኩን በእርሻ ወይም በልብስ አጠባ የሠራ እጅ ላይ የአሻራው መስመር ስለሚሳሳ ስልኩ አንዳንዴ አያነበውም። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራም መጀመሪያ የሚጠይቀው ፒኑን ነው። ፒኑን ሳያውቁ በአሻራ ብቻ የለመዱ ሰዎች ባትሪ የጨረሰ ቀን ነው ጉዱ የሚመጣው።

ፓስወርዱ፣ ማለትም ረጅሙ

አብዛኞቻችን የለመድነው አሠራር ይሄ ነው፦ ስም፣ ከዚያ @፣ ከዚያ 123። የመጀመሪያዋ ፊደል ትልቅ። ሲስተሙ «ጠንካራ ነው» ብሎ አረንጓዴ ያሳያል፣ እኛም እናምናለን። ሌቦቹ ግን የሚሞክሩት ፕሮግራም የመጀመሪያ ሥራው ይህንን መሞከር ነው።

ይሄ «ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥር፣ ምልክት፣ በየ3 ወሩ ቀይሩ» የሚባለው ምክር ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? በፈረንጆቹ 2003 በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በወጣ መመሪያ ነው ዓለም ላይ የተስፋፋው። የጻፈው ሰው ቢል በር ይባላል (አዎ፣ ስሙ ከሥራው ጋር ይሄዳል)። ይኸው ሰው በ2017 ለዎል ስትሪት ጆርናል በሰጠው ቃል በጻፈው ብዙ ነገር እንደሚጸጸት ተናግሯል። ተቋሙም በዚያው ዓመት መመሪያውን ቀየረ፤ ፓስወርድ ሾልኳል የሚያስብል ምክንያት ሳይኖር በየጊዜው ማስቀየር አያስፈልግም፣ ከምልክት ይልቅ ርዝመት ይሻላል አለ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው በየ3 ወሩ ቀይር ሲባል አዲስ አያወጣም፤ መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ይቀይራል። በ70 ዓመታቸው ይህንን የሚጠየቁ ሰው ደግሞ ተስፋ ቆርጠው ለሱቁ ልጅ ይተዉታል።

የሚሻለው አራት ተራ ቃላትን መደርደር ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ ቃላት። ሒሳቡን እንየው፦ አንድ ሰው በቀላሉ ከሚያስታውሳቸው 2,000 ቃላት ውስጥ በዘፈቀደ ሦስት ቢመርጥ 8 ቢሊዮን ዓይነት አደራደር ይኖራል። አራት ቢመርጥ 16 ትሪሊዮን። ለአእምሮ ግን አራት ቃል ብቻ ነው።

«በዘፈቀደ» የሚለው ላይ እንቆም። ተረትና ምሳሌ አይሆንም። የመዝሙር ስንኝ አይሆንም፤ ዳዊትም አባታችን ሆይም አይሆንም። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሌባም ያውቃል። የልጆችን ስም በዕድሜ ቅደም ተከተል መደርደርም እንደዚያው፤ ፌስቡካችሁን ያየ ሰው ያገኘዋል። ይልቅ ዓይናችሁ ያረፈበትን አንድ ዕቃ፣ አንድ ምግብ፣ አንድ የልጅነት ነገር፣ አንድ ከመንገድ ላይ ያያችሁትን ነገር ያዙ። ለምሳሌ ሎሚ፣ ጎማ፣ ሚዶ፣ ባቡር። «ሎሚዋ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ ጸጉሯን በሚዶ እያበጠረች ባቡር ትጠብቃለች» ብለው ቢያስቡት ይስቃሉ። የሚያስቅ ነገር አይረሳም።

አሁን ወደ እኛ አገር ጣጣ እንምጣ። ጂሜይል በፊደላችን የተጻፈ ፓስወርድ አይቀበልም፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው መጻፍ ያለበት። የሚቀበሉ ቦታዎች ቢኖሩም አንመክርም፤ «ጸሐይ»ን ስንት ዓይነት መጻፍ ይቻላል? በጸሎቱ ጸ ወይስ በፀሐዩ ፀ? በሐመሩ ሐ ወይስ በሃሌታው? ለዓይን አንድ ነው፣ ለስልኩ ግን አራት የተለያየ ፓስወርድ ነው። በዚያ ላይ ሌላ ስልክ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖር ይችላል።

በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍም ያው ችግር ይከተላል። «ቡና» በአንድ «ኤን» ነው በሁለት? «ጨው»ስ? ሁሉም ሰው የራሱ አጻጻፍ አለው፣ ደግሞ ዛሬ የጻፈውን ነገ አይደግመውም። ብዙ ጊዜ «ፓስወርዴን ረሳሁ» የሚባለው ቃሉ ተረስቶ ሳይሆን አጻጻፉ ተረስቶ ነው። ስለዚህ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ፣ ኘ ያለባቸውን ቃላት ዝለሉ። እንደ ሎሚ፣ ዳቦ፣ ጎማ ዓይነት አንድ ብቻ አጻጻፍ ያላቸውን ምረጡ። ሁሉንም በትንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍተት። ሲስተሙ ትልቅ ፊደልና ቁጥር አምጡ ካለ የመጀመሪያዋን ፊደል ትልቅ አድርጉ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር ጨምሩ፣ በቃ። ርዝመቱ ሥራውን ሠርቷል።

ሱቁ ውስጥ የተከፈተው ጂሜይል

ይሄ ራሱን የቻለ ርዕስ ይገባዋል። አዲስ ስልክ ስትገዙ ሻጩ «ጂሜይል ልክፈትልሽ?» ብሎ በደግነት ከፍቶ ይሰጣል። አንዳንዱ የራሱን ስልክ ቁጥር ያስገባል፣ የማይታወቅ የልደት ቀን ይሞላል። አንዳንዱ ደግሞ እንዳይደክመው ለብዙ ደንበኛ አንድ ጂሜይል ይጠቀማል። ይሄን ጊዜ እናታችሁ የማያውቋቸው ሰዎች ስልክ ቁጥር በድንገት ስልካቸው ላይ ይታያል፤ የእሳቸውም ቁጥሮች ሌላ ሰው ጋ ይሄዳሉ። የፎቶ ማስቀመጫው በርቶ ከሆነ ፎቶውም ጭምር።

ትልቁ ችግር የሚመጣው ግን ስልኩ ሪሴት ሲደረግ ነው። አንድሮይድ ስልኮች ከ5.1 ጀምሮ ኤፍ አር ፒ የሚባል መከላከያ አላቸው። ስልኩ ከውጭ በኩል ተገዶ ሪሴት ከተደረገ፣ ሲበራ «ከዚህ በፊት የነበረውን ጂሜይልና ፓስወርድ አስገቡ» ይላል፤ ወይም የድሮውን የስልክ መክፈቻ ፒን። የተሠራው ለሌባ ነው፤ የሰረቀው ሰው እንዳይጠቀምበት። እናታችሁ ጂሜይሉን ካላወቁ ግን ሌባ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። በገዛ ስልካቸው! ከዚያ ጥገና ቤት ተሂዶ «ኤፍ አር ፒ አስነሡልን» ተብሎ ገንዘብ ይከፈላል፣ ውስጡ የነበረውም አይመለስም። አይፎንም በአፕል አይዲ ተመሳሳይ መቆለፊያ አለው።

መፍትሔው ስልኩ አሁን ክፍት እያለ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ጉግል የሚለውን ክፈቱ፣ የትኛው ጂሜይል እንዳለ እዩ፣ ሴኩሪቲ የሚለው ጋ ግቡና የማገገሚያ ስልኩ የማን እንደሆነ ተመልከቱ። የማታውቁት ቁጥር ካለ በእናታችሁ ቁጥር ቀይሩት። ፓስወርዱን ባታውቁትም «ረሳሁት» ብላችሁ ስትገቡ፣ ብዙ ጊዜ የስልኩን መክፈቻ ወይም ወደ ስልኩ የሚመጣ ኮድ ተጠቅሞ ማስቀየር ይቻላል። ጂሜይሉ የጋራ መሆኑን ከጠረጠራችሁ አዲስ መክፈት ነው የሚሻለው፤ የሚያስፈልጉ ቁጥሮችን ወደ አዲሱ አዛውራችሁ አሮጌውን ከስልኩ አውጡት።

«ወረቀት ላይ እንዳትጽፉ» የሚለውን ምክር እንተወው

ብዙ ሰው አይስማማንም ይሆናል፣ ግን እኛ ፓስወርድ ወረቀት ላይ ይጻፍ ባዮች ነን። የእንግሊዝ ብሔራዊ የሳይበር ደኅንነት ማዕከልም ለተራ ተጠቃሚዎች የሚሰጠው ምክር ይሄው ነው፤ ጽፋችሁ፣ ከመሣሪያው አርቃችሁ፣ ቤት ውስጥ ደኅና ቦታ አስቀምጡ ይላል። ሌላ አገር ሆኖ ጂሜይል የሚሰብር ሰው የእናታችሁን ሳጥን መክፈት አይችልም።

የምንለው የሚዘወተረው በጭንቅላት ይያዝ፣ የማይዘወተረው በወረቀት ይቀመጥ ነው። ቴሌብር ፒን በየሳምንቱ ይነካል፤ ይለመዳል። የጂሜይል ፓስወርድ ግን ስልክ ሲቀየር ብቻ ነው የሚጠየቀው። ያንን በቃል ያዙ ማለት ማስቸገር ነው።

የት ይቀመጥ? የቤት ካርታው፣ የባንክ ደብተሩ፣ የልደት ሰርተፊኬቱ ባለበት። እነሱን የሚጠብቁበትን ቦታ እነሱ ያውቁታል፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ ኖረዋል። የት እንደማይቀመጥም እንንገራችሁ፦ የስልክ ከቨር ውስጥ። መታወቂያ፣ 200 ብርና ፒን የተጻፈበት ወረቀት አንድ ላይ ከስልኩ ጀርባ የሚያደርጉ አሉ፤ ስልኩ ሲጠፋ ሙሉ ፓኬጅ ነው። የስልክ ማውጫ ውስጥ «ፒን» ብሎ ማስቀመጥም አይሆንም። ለእናንተ በቴሌግራም መላክም እንዲሁ፤ እዚያው ተጽፎ ይቀራል።

ፒን ግን ሙሉውን አትጻፉት፤ ቤት ውስጥ የሚወጣ የሚገባ ሰው ብዙ ነው። ፍንጭ ብቻ፦ «ደመወዝ፣ ፈተና»።

ለማስታወስ ደግሞ ልምምድ አለ። ዛሬ ከመረጡት በኋላ ማታ አንዴ ያስገቡት። ነገ አንዴ። ከ3 ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ። ክፍተቱን እያሰፉ ከአእምሮ ማውጣት በአንድ ቀን 20 ጊዜ ከመደጋገም የተሻለ ያስታውሳል። ሰበብ ካስፈለገ 5 ብር ካርድ ያስሞሏችሁ።

ያ ኮድ ፊርማ ነው

ፒኑም ፓስወርዱም ተስተካክሎ ሳለ ሁሉንም ገደል የሚከተው በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ነው። ደዋዩ በጣም ትሑት ነው። «እናቴ» ይላል። ሽልማት ደርሷችኋል፣ ወይም በስህተት ብር ልከንባችኋል፣ ወይም አካውንታችሁ ሊዘጋ ነው። «አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ብቻ ያንብቡልኝ።» ቴሌግራምም በዚሁ ነው የሚወሰደው፤ ከዚያ «ትንሽ ብር ቸግሮኝ» የሚል መልእክት በእናታችሁ ስም ለዘመድ ሁሉ ይደርሳል።

«ኦቲፒ ለማንም እንዳትሰጪ» ብትሏቸው አይገባም፤ ኦቲፒ ምንድን ነው? ፊርማ ግን ይገባቸዋል። «የሚመጣልሽ ቁጥር ፊርማሽ ነው። ለሰው ማንበብ ማለት ባዶ ወረቀት ላይ መፈረም ነው» በሏቸው። ባዶ ወረቀት ላይ የሚፈርም ሽማግሌ የለም። ባንክም ቴሌብርም ደውሎ ፒን ወይም ኮድ አይጠይቅም። «ልጄን ላማክር» ብሎ ስልኩን መዝጋት ነውር እንዳልሆነም ንገሯቸው፤ እነሱን የሚይዛቸው ይሉኝታ ነው፣ የሰው አፍ ላይ ስልክ መዝጋት አልለመዱም።

በቴሌግራምና በዋትሳፕ ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩላቸው። ያኔ ኮዱን እንኳ ቢያነቡለት ደዋዩ ሌላ ሚስጥር ያስፈልገዋል። ዋትሳፕ ያንን ፒን በየተወሰነ ጊዜ እየጠየቀ ያስታውሳቸዋል፤ ቢያሰለችም ጠቃሚ ነው።

እናንተስ ምን ያህል ማወቅ አለባችሁ?

እዚህ ላይ ሐሳባችን ቁርጥ ያለ ነው። ፒናቸውን አትወቁ። ስትፈልጉ ልታውቁት ብትችሉም አትወቁ። አንድ ቀን ብር ጎደለ ሲባል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፒኑን የሚያውቀው ነው፤ ወንድማችሁ ይጠይቃል፣ እህታችሁ ትጠይቃለች፣ ቤት ይታመሳል። ደግሞም ገንዘቡ የእነሱ ነው። ለጎረቤት ለቅሶ ስንት እንደሰጡ፣ ለየትኛው ልጅ እንደላኩ እናንተን ማስፈቀድ የለባቸውም። ሲነኩ ፊታችሁን አዙሩ፤ ጥያቄው ሳይነሣ መልሱን ያያሉ።

የሚያስፈልገው ሰው ካለ፣ ለምሳሌ ዓይን በጣም ከደከመ ወይም ሕመም ካለ፣ እሳቸው የመረጡት አንድ ሰው ይወቅ፤ ሌላው ቤተሰብ ደግሞ ያ ሰው ማን እንደሆነ ይወቅ።

ውጭ አገር ያላችሁም አላችሁ። ከዋሽንግተን ሆናችሁ የእናታችሁን ጂሜይል በራሳችሁ ስልክ ቁጥር ከከፈታችሁት፣ ኮዱ የሚመጣው እናንተ ጋ ነው፤ እናታችሁ ጠዋት ስልካቸው ሲያስቸግር እዚያ ሌሊት ነው። የአዲስ አበባውን ቁጥር ዋና፣ የእናንተን ተጨማሪ አድርጉት።

ስልኩ የጠፋ ቀን

ሁሉም ነገር ሲደረግም ስልክ ይጠፋል፤ ታክሲ ውስጥ ይቀራል፣ ገበያ ላይ ይወሰዳል። ቅደም ተከተሉን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉላቸው። ይሄኛው ሚስጥር የለበትም። በሌላ ሰው ስልክ 994 ተደውሎ ሲሙ ይዘጋ። 127 ተደውሎ ቴሌብሩ ይቆለፍ። ንግድ ባንክ ከሆኑ 951። ሌላ ባንክ ከሆነ ቁጥሩን ከአሁኑ ፈልጋችሁ ጻፉ። ከዚያ ነው ወደ እናንተ የሚደወለው።

ሲሙን መልሶ ለማውጣት የሚጠየቀው የተመዘገበበት ሰው ከነመታወቂያው ነው። እናታችሁ 10 ዓመት የያዙት ቁጥር ምናልባት ያኔ በገዛላቸው የአጎት ልጅ ስም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ አሁን ያለው ዱባይ ነው። የማገገሚያ ኮዱ ሁሉ የሚመጣው በዚያ ሲም ስለሆነ፣ ፒኑንም ፓስወርዱንም ከመንካታችሁ በፊት መታወቂያቸውን ይዛችሁ አብራችኋቸው ሂዱና ሲሙ በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቁ።